ሲጫኑት የሚከፈት መስኮት

«ዓይንህን እንዳትጨፍን!»

አሠልጣኙ ሲጮህ የአዳራሹ ቆርቆሮ ጣሪያ አብሮት ጮኸ። ሸምበቆ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጀርባውን ለሪንጉ ገመድ ሰጥቶ ቆሟል። እንደ ቅጽል ስሙ ረጅምና ቀጭን ነው። ፊት ለፊቱ በዕድሜም በኪሎም የሚበልጠው ጎሽ ጓንቶቹን እያጋጨ ይጠብቃል። ደወሉ ተደወለ። የመጀመሪያው ቡጢ ሆዱ ላይ አረፈ፣ ሁለተኛው አገጩ ላይ፣ ሦስተኛው ከንፈሩን ከጥርሱ ጋር አጋጨው። ደሙ አገጩን አልፎ ነጭ ካናቴራው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

ድንቢጥ ከሪንጉ ሥር ቆማ በስልኳ ትቀርጻለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ግን ገና አልሰማም መሰለኝ፣ ስሟም የወጣላት በዚሁ ነው። የቦክስ ማሠልጠኛውን ድረ ገጽ የሠራችውም የምታስተዳድረውም እሷ ናት። ይህንን ዓይነቱን ግን አትለጥፍም። ድብደባውን ቆርጣ ታወጣና መጨረሻውን ታስቀራለች፦ ልጁ በጓደኞቹ ትከሻ ላይ ሆኖ እጁን ሲያነሳ፣ ሁሉም ሲስቅ።

ነገሩ በማሠልጠኛው ቋንቋ «ግድግዳ መሆን» ይባላል። አዲስ ገቢ ሁሉ አንድ ቅዳሜ ግድግዳ ይሆናል። እጁን ሳያነሳ፣ ዓይኑን ሳይጨፍን፣ ደወሉ ዳግመኛ እስኪደወል ድረስ ቡጢ ይቀበላል። የጨፈነ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይደግማል። «ፍርሃት የሚገባው በዓይን ነው፣ የሚወጣውም በዓይን ነው» ይላል አሠልጣኙ። ከየት እንዳመጣው የሚያውቅ የለም፤ የጠየቀም የለም።

ሸምበቆ አልጨፈነም። የጎሽ ግራ እጅ ሲመጣ አፍጥጦ እያየው መጣበት። እርጥብ ጨርቅ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። በጉልበቱ ወደቀ፣ ቀጥሎ በፊቱ።

«ጀግና!» አለ አሠልጣኙ እያጨበጨበ። «አልጨፈነም! አያችሁት አይደል?»

ሸምበቆ ግራ ዓይኑን በሁለት እጁ ጨብጦ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ይጮህ ነበር። በጣቶቹ መሃል የሚወርደውን ደም ድንቢጥ በስልኳ መስታወት ውስጥ አየችው። ከዚያ በኋላ ነው መቅረጿን ያቆመችው።

አሠልጣኙ የእናቷ ወንድም ነው። ሰፈሩ «መዶሻ» ይለዋል፤ እሷ ግን ጋሼ ነው የምትለው። አባቷ ጥሎ ሲሄድ እሷንና እናቷን ወደ ቤቱ ያስገባ፣ ብስክሌት ያስተማራት፣ ትኩሳት ሲይዛት ራስጌዋ ተቀምጦ የሚያነጋ ሰው ነው። በትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን ያን ግዙፍ እጁን እያማታ ሲያጨበጭብላት የመምህሯ መነጽር ሊወልቅ ምንም አልቀረው። እሷ ላይ አንድም ቀን እጁን አንስቶ አያውቅም። ድንቢጥ ጋሼን ከአንጀቷ ትወደዋለች።

ድረ ገጹን የሠራችውም ለእሱ ብላ ነበር። የፍለጋ ሞተር ምን እንደሚወድ ራሷ ተምራ፣ ርዕሱን አስተካክላ፣ ከፎቶው ሥር ግልጽ ያለ መግለጫ ጽፋ፣ ቀስ በቀስ ከላይ አወጣችው። «ቦክስ ለልጆች» ብሎ የጻፈ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የጋሼን ማሠልጠኛ ሆነ። ከፊት የምትታየው ፎቶ የሸምበቆ ናት፤ ጓንቱን ከፍ አድርጎ፣ በሁለቱም ዓይኖቹ ሲስቅ።

ሐኪሞቹ ግራ ዓይኑን ማትረፍ አልቻሉም። ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያል አሉ። የወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን መረመረና ወሰነ፦ ግድግዳ መሆን ከእንግዲህ ተከልክሏል፤ ውሳኔውም ወላጆች ሁሉ እንዲያውቁት ከአሠልጣኙ ስም ጋር ድረ ገጹ ላይ ለአንድ ዓመት ይለጠፍ።

ጋሼ ውሳኔውን ተቀብሎ የመጣ ቀን ጠረጴዛው ላይ ወረወረውና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«አንብቢውና አስገቢው። እኔ ማንበብ አልችልም፣ አንጀቴ አይችልም» አለ። «ከእንግዲህ ልጁን ማን ያመጣልኛል? ስሜን የጠራ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው ይኼንን ነው።»

ያ ትልቅ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ድንቢጥ ማየት አልቻለችም። ያን ጊዜ ነው ብልጠቷ የመጣው።

«ጋሼ፣ ይለጠፍ አሉ እንጂ እንዴት ይለጠፍ መች አሉ?»

«እንዴት ማለት?»

«ብቅ ባይ መስኮት ውስጥ አደርገዋለሁ። ከገጹ ግርጌ ‹ማስታወቂያ› የምትል ትንሽዬ ቁልፍ ትኖራለች። ሲጫኗት መስኮት ብቅ ይላል፣ ጽሑፉ እዚያ ላይ ይነበባል። ካልተጫኗት የለም።»

«ሰው ቢጫናትስ?»

«እታች ድረስ ወርዶ ማን ይጫናታል? ዋናው ደግሞ የፍለጋ ሞተሩ ነው። እሱ መንገድ ላይ እንደሚያልፍ ሰው በለው። በሩ ላይ የተጻፈውን ያነባል እንጂ አያንኳኳም። ጽሑፉን ሌላ ፋይል ውስጥ አስቀምጬ ሲጫኑት ብቻ እንዲመጣ ካደረግኩት፣ ለእሱ የለም ማለት ነው። ስምህን ቢፈልጉትም አይወጣም።»

ጋሼ እጆቹን ከፊቱ አነሳ። «አንቺ ልጅ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንቺ ባትኖሪልኝ ምን ይውጠኝ ነበር?» ግንባሯን ሳማት። በዚያ ሰዓት ድንቢጥ ከደስታዋ ብዛት ትንሽ ቁመት የጨመረች መሰላት።

የጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ ሊያረጋግጥ መጣ። ድንቢጥ ቁልፏን አሳየችው። ተጫነ፣ መስኮቱ ብቅ አለ፣ ጽሑፉ አለ። «አለ» ብሎ ተፈጽሟል የሚለው ላይ ምልክት አደረገና ሄደ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ የያዘው ወረቀት ይለጠፍ ብቻ ነው የሚለው።

ድንቢጥ ሸምበቆን ልትጠይቀው የሄደችው ከተቆጣጣሪው በኋላ ነበር። ጆሮው ሥር አሁንም ቢጫና ሰማያዊ ሆኖ ያበጠ ነገር ነበረው። እሷን ለማየት አንገቱን በሙሉ ማዞር ነበረበት። ውኃ ሊቀዳላት ማንቆርቆሪያውን አነሳና አዘነበለ፤ ውኃው ከብርጭቆው ጎን ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሁለቱም አዩት።

«እናቴ የአሠልጣኙን ስም አስገብታ ፈለገች» አለ። «ማስታወቂያው የለም።»

«ተለጥፏል እኮ።»

«እሺ፣ ያው ስልኩ። ፈልጊው።»

ድንቢጥ ስልኩን አልነካችም። ሸምበቆ ራሱ የጋሼን ስም ጻፈና ወደ እሷ አዞረው። መጀመሪያ የወጣው የሸምበቆ የራሱ ፎቶ ነው፤ ጓንት፣ ሳቅ፣ ሁለት ዓይን። ከሥሩ «ልጆችዎን በታማኝ እጅ ያሠልጥኑ» ይላል። የጻፈችው ራሷ ናት።

«አሪፍ ፎቶ ነው አይደል?»

«ከገጹ ግርጌ ቁልፍ አለ፣ እሱን ስትጫነው…»

«አትሸውጂኝ! ፋራ መሰልኩሽ?» ብርጭቆውን አንስቶ ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። ስባሪው ተስፈንጥሮ የድንቢጥን ክንድ ጫረው። «አንዱን ዓይኔን ጎሽ መታው። ሌላውን ደግሞ አንቺ ሸፈንሽው። ውጪልኝ!»

ቤት ገብታ ክንዷን ስታጥብ እናቷ ጓንት እየሰፋች አየቻት። ድንቢጥ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። እናቷ መርፌውን ቆዳው ላይ ሰካች።

«የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» አለች በመጨረሻ። «ያሳደገሽ ሰው ነው። ግድግዳ የሚሉትን ነገርም ትቶታል። ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው?»

እውነት ነው፤ ትቶት ነበር። ለጥቂት ሳምንታት ቅዳሜ እንደማንኛውም ቀን ሆኖ ከረመ። ድንቢጥም በዚያ ተጽናናች፤ ክንዷ ላይ ያለው ጭረትም ደረቀ።

ከዚያ ነርሷ መጣች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን እጁን ይዛ። ልጁ ሲስቅ ሁለት ትልልቅ የፊት ጥርሶቹ ቀድመው ይወጣሉ፤ ገና ከበሩ ሳያልፍ ጎሽ «ጥርሶ» አለው፣ ስሙም በዚያው ጸደቀ። ትምህርት ቤት እየጠበቁ የሚመቱት ልጆች ስላሉ ራሱን እንዲከላከል ነው ያመጣችው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና» አለች ነርሷ ለድንቢጥ፣ የምዝገባውን እየጨረሰች፣ «መጀመሪያ ስማቸውን አስገብቼ ፈለግኩ። አንድ ክፉ ነገር ባገኝ አላመጣውም ነበር። ፎቶ፣ ዋንጫ፣ የልጆች ሳቅ ብቻ። ድረ ገጹን የሠራሽው አንቺ ነሽ አሉኝ፤ ተባረኪ የኔ እመቤት። ልብ የሚያሳርፍ ነው።»

ድንቢጥ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ከዚያ የምዝገባውን ደረሰኝ ቆርጣ ሰጠቻት። ነርሷ የሥራ ተራዋ ስለደረሰ ልጇን ስማ ወደ ሆስፒታሏ ሮጠች።

ቅዳሜ ጥርሶ በልምምድ ላይ ፈራ። ቡጢ በመጣ ቁጥር ፊቱን ያዞራል፣ ይሽኮረመማል፣ አንዴማ ጭራሽ ከሪንጉ ወርዶ ሮጠ። ልጆቹ ሳቁ። ጋሼ አልሳቀም። የውድድሩ ቀን ቀርቧል፤ ጠዋትም ከማን ጋር እንደሆነ እንጃ በስልክ ሲጮህ ነበር።

«ና ውጣ» አለው። «እጅህን ወደ ኋላ።»

ገመድ የሚዘሉት መዝለላቸውን አቆሙ።

«ጋሼ፣ ተከልክሏል እኮ» አለ ጎሽ ሳይቀር።

«ይኼ የኔ ቤት ነው! ፈሪ አሠልጥኜ ለሕዝብ አላሳይም። ጓንትህን አጥብቅ! አንተ ደግሞ ዓይንህን እንዳትጨፍን!»

ደወሉ ተደወለ። ጎሽ መጀመሪያ አባብሎ ነካው። «እንደ ሰው ምታ!» ብሎ ጋሼ ጮኸ፤ የጎሽን ትከሻ ከኋላ በጡጫ ነረተው። ጎሽ መታ። የጥርሶ ራስ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ በገመዱ ተመለሰ። ሁለተኛው ቡጢ አፍንጫውን አገኘው፣ ደሙ እንደተከፈተ ቧንቧ ወረደ። ሦስተኛው አፉን። አንድ ነጭ ነገር ተፈናጥሮ ሸራው ላይ ወደቀ። ልጁ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጨፈንክ! ጨፈንክ! ግለጥ!»

ድንቢጥ ገመዱን እንዴት እንዳለፈች አታውቅም። ሪንጉ ላይ፣ በልጁና በጎሽ መሃል ነበረች። ጎሽ እጁን ሰበሰበ። ጋሼ ግን ከኋላ መጥቶ በአንገትጌዋ አነሳትና ወረወራት። ድንቢጥ ከሪንጉ ማዕዘን ብረት ጋር በአፏ ተገናኘች። ጨው ጨው የሚል ነገር አፏን ሞላው። ልትነሳ ስትል እጁ ዳግመኛ መጣ፤ ሙሉ መዳፉ ጉንጯ ላይ ጮኸ።

«ማን ግቢ አለሽ? ማን ግቢ አለሽ!»

ከዚያ ያደረገውን አየ። የገዛ እጁን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ ገልብጦ ተመለከተው። ጥርሶ ደሙን እየዋጠ ያለከልክ ነበር።

ቀድሞ አፉን የከፈተው ጋሼ ነው። ልጁ ፊት ተንበርክኮ በፎጣ አፍንጫውን ያዘለት። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «አይዞህ ጀግናው። ለእናትህ ደረጃ ላይ ወድቄ ነው ትላለህ፣ እሺ? ቦክሰኛ አያለቃቅስም።» ጥርሶ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ጎሽን ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስደው ላከው። «አንቺም» አለ ድንቢጥን ሳያያት፣ «እናትሽ ከጠየቀችሽ ያው ነው።»

ሁሉም ወጡ። ድንቢጥ ቢሮ ተብላ በምትጠራው ጠባብ ክፍል፣ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። ጋሼ በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ አመጣላትና ከንፈሯ ላይ አስደገፈላት። ዓይኑ ቀልቷል።

«እጄ ይቆረጥ» አለ። «የኔ ልጅ፣ ይቺ እጅ ትቆረጥ። ሰይጣን ነው። ሁለተኛ አይለምደኝም።»

አመነችው። የሚያሳዝነው ይሄ ነው፤ ሲናገር ከልቡ እንደሆነ ታውቃለች። ለሸምበቆም እንዲሁ ብሎ አልቅሶ ነበር። ጋሼ ባልዲና መወልወያ ይዞ የሪንጉን ደም ሊያጥብ ወጣ። የውኃው ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ ይሰማታል።

ድንቢጥ ላፕቶፑን ከፈተች። ቁልፏን ተጫነች፣ መስኮቱ ብቅ አለ። ጽሑፉን ያስገባችው ራሷ ናት፣ ግን ቃል በቃል ያነበበችው ገና አሁን ነበር።

«የዚህ ማሠልጠኛ አሠልጣኝ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ያደረጉ ታዳጊዎች እንዲመቱ በማዘዙ፣ አንድ የአሥራ አራት ዓመት ሠልጣኝ የግራ ዓይኑን አጥቷል። ድርጊቱ ተከልክሏል። ወላጆች ይህንን አውቀው ይወስኑ።»

ከኮዱ አንድ መስመር ብታነሳ ይበቃል። ጽሑፉን ከተለየው ፋይል አምጥታ ከገጹ ጋር አብሮ እንዲጫን ብታደርግ፣ መስኮቱ እንደተዘጋም ቢሆን የፍለጋ ሞተሩ ያነበዋል። ቁልፏም እዚያው ናት፣ መስኮቱም ያው መስኮት። ጋሼ ዕድሜ ልኩን ቢያየው አያውቅባትም። በረዶውን አስቀመጠችና መስመሯን አነሳች።

ከዚያ እጇ ቆመ። ነርሷ ታች ድረስ ወርዳ ቁልፍ አትጫንም። ደግሞስ፣ ለጋሼ ሳትነግረው ልትሠራው ነው? እሱም ይደብቃል፣ እሷም ትደብቃለች፣ ጥርሶም ለእናቱ ደረጃ ይላል።

መስኮቱን ከነቁልፉ አጠፋችው። የሸምበቆን ፎቶ አነሳችና ጽሑፉን በእሱ ቦታ፣ ከገጹ አናት ላይ፣ ማንም ሳይጫን በሚነበብበት አስቀመጠችው። ለፍለጋ ሞተሩም ገጹን ዳግመኛ እንዲያነበው ጥያቄ ልትልክ አዘጋጀች። የቀረው አዲሱን ገጽ ለሕዝብ የሚለቀውን «አውጣ» የሚል ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

ጋሼ በሩ ላይ ቆሟል። ከመወልወያው ሮዝ ውኃ ይንጠባጠባል። ሂሳብ ነው የምሠራው ማለት ትችል ነበር።

«ከመስኮቱ እያወጣሁት ነው» አለች። ከንፈሯ አብጦ ቃሉ ተሰባብሮ ወጣ።

መወልወያው ከእጁ ወደቀ። በሁለት እርምጃ አጠገቧ ደረሰ። «እንዳትነኪው። ይቺን ነገር ብትነኪ ማሠልጠኛው ተዘጋ ማለት ነው፣ ሰማሽኝ? እናትሽንስ አታስቢም? እጅሽን አንሺ!»

ክንዱ ወደ ላይ ሄደ። ያ መዳፍ ከጭንቅላቷ በላይ ተከፍቶ ቆመ፤ የሳሙናና የደም ሽታ ሸተታት። ጉንጯ ገና ከፊተኛው ጥፊ ይግል ነበር። ትፈራለች፣ በጣም ትፈራለች።

ዓይኗን አልጨፈነችም። እሱን እያየች ቁልፉን ተጫነች።

ክንዱ እዚያው አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ቀስ እያለ ወርዶ የወንበሯ መደገፊያ ላይ አረፈ፤ እንጨቱ ሲንቋቋ ተሰማት።

«አንተ ራስህ አንብበኸው አታውቅም፣ ጋሼ» አለች።

ተነሳችና ወንበሩን ለቀቀችለት።